ለሲዲዎቻችን ስም እናውጣላቸው

በብዙ የከተማ ቤቶች ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ወይም በቁም ሣጥን ራስ ላይ፣ የሲዲና የዲቪዲ ክምር አይጠፋም። ከፊሉ የሠርግ ነው፤ ከፊሉ የልጅ ልደት፣ ከፊሉ የምረቃ፣ ከፊሉም በሕይወት የሌሉ ዘመዶች ምስልና ድምፅ የተቀረጸበት ነው። ችግሩ የቱ የቱ እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከቤተሰቡ መካከል እየጠፋ መሄዱ ነው። ዲስኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ፤ ስም ግን የላቸውም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በመለያ ጽሑፍ ያልታወቀ ዲስክ በቃል ካለ ነገር አይሻልም። «ይኸኛው የአባታችሁ ነው» የምትለው እናት ያለች እንደሆነ መልካም ነው። እርስዋ በሌለችበት ቀን ግን ያ ዲስክ የልጆች መጫወቻ ወይም የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል። ቤት ሲጸዳም ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። የጣለው ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደጣለ የሚነግረው ጽሑፍ ስላልነበረ ነው።

በመሆኑም የዛሬው ዓምዳችን ለዲስክ መለያ ስለ መሥራት ይናገራል። በተለይ ገንዘብ ሳይወጣበት፣ በነጻ በሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እንዴት ሊሠራ እንደሚችል በሮቤና በጎባ ለሚኖሩ እናቶችና ሠራተኞች፣ እንዲሁም በሌሎች ከተሞች ለሚያነቡን ሁሉ እናስረዳለን።

በባሌ ደጋ ያለው ሁኔታ

ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚራራቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ጎባ ቀድሞ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ሮቤ ደግሞ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ነች። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ በጎባም ነባሩ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከዚህ የተነሣ መምህራን፣ ነርሶች፣ የቢሮ ሠራተኞችና ተማሪዎች በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ኮምፒዩተር በቤቱ የሌለው ሰው እንኳ በመሥሪያ ቤቱ፣ በልጁ ላፕቶፕ ወይም በሠፈሩ ጽሕፈት ቤት አያጣውም።

የአገሩ አየርም የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የሲዲና የዲቪዲ አያያዝ መመሪያ፣ ዲስክ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ቢቀመጥ እንደሚመረጥ ይገልጻል። ለዚህስ የባሌ ብርድ ወዳጃችን ነው! ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። በደጋ አገር የቀትር ፀሐይ ብርቱ ነች፤ በመስኮት አጠገብ የተተወ ዲስክ የተቀዳበትን ቀለም ታደበዝዝበታለች። በዝናቡ ወራት ደግሞ እርጥበት አለ። ከብርድ ወጥቶ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ዲስክ ጤዛ ይይዛልና፣ ከማቀፊያው ሳይወጣ ጥቂት ጊዜ ቢቆይ ይመረጣል። የምድጃ ጢስም የዲስክ ጠላት ስለሆነ ማድ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።

ነጻ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ነጻ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ያለ ዋጋ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነጻነት ያለው ማለት ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም እንደዚሁ በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ እንጂ ውስጣቸው የባለቤታቸው ምሥጢር ነው። ሌሎቹ ግን ማንም ሰው እንዲጠቀምባቸው፣ ለጎረቤቱ እንዲያካፍላቸው፣ ሙያው ካለውም እንዲያሻሽላቸው ተፈቅዶ የተሠሩ ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ለማስፋፋት ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ በመስከረም 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1983) ጥሪ ካስተላለፈ ወዲህ፣ በመላው ዓለም የሚገኙ ባለሙያዎች ብዙ ፕሮግራሞችን በዚህ መንገድ አበርክተዋል።

ከእነዚህ የተለየ ሦስተኛ ዓይነት አለ። እርሱም «ክራክ የተደረገ» የሚባለው፣ በዋጋ የሚሸጥ ፕሮግራም ቁልፉ ተሰብሮ በየፍላሹ የሚዞረው ነው። ይህ ነጻ ሳይሆን የተሰረቀ ነው። በአገራችን የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ማንኛውም የፈጠራ ጽሑፍ ጥበቃ ተደርጎለታል። ሕጉን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ የመምጣቱ ነገር የተለመደ ነው። የልጆችን ፎቶግራፍ ለማስጌጥ ተብሎ የገባው ፕሮግራም ፎቶግራፎቹን ሁሉ ሲያጠፋ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ያለ ክፍያ የሚገኝ መልካም ፕሮግራም እያለ በዚህ መንገድ መሄድ አስፈላጊ አይደለም።

የትኞቹ ፕሮግራሞች ይጠቅማሉ?

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ መለያውን መንደፍ፣ ሁለተኛው ዲስኩን መቅዳት፣ በተለምዶ «በርን ማድረግ» የሚባለው ነው።

ለመንደፍ ሊብረኦፊስ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ይህ ለደብዳቤ፣ ለሠንጠረዥና ለሥዕል የሚያገለግሉ ክፍሎችን በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ ፍጹም ነጻ ነው፤ ትእዛዞቹን በአማርኛ ማሳየትም ይችላል። «ድሮው» በሚባለው የሥዕል ክፍሉ አራት ማዕዘንም ሆነ ክብ ነገር መሥራት፣ መጠኑን በሳንቲ ሜትር መወሰን፣ ፎቶግራፍ ማስገባትና መጻፍ ይቻላል። ፎቶግራፉን ማጥራት ወይም መቁረጥ ለሚፈልግ ጊምፕ፣ ሥዕልና ጌጥ ለሚወድም ኢንክስኬፕ የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለጀማሪ የሚቀለው ሊብረኦፊስ ነው።

ለመቅዳት ደግሞ በዊንዶውስ ለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ሲዲበርነር ኤክስፒ እና ኢንፍራሪኮርደር ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የማቀፊያ ሽፋን ማተሚያም አለው። በኡቡንቱና በመሳሰሉት የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ብራዜሮ እና ኬ ስሪ ቢ የተባሉት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። እነዚህን ፕሮግራሞች ከየባለቤቶቻቸው ከራሳቸው ገጽ ማውረድ ይገባል። ከሌላ ቦታ የተወሰደ እንደሆነ፣ ወይም ሲጫን «እሺ» የሚለውን ሳያነብቡ ደጋግመው የተጫኑ እንደሆነ፣ ያልተፈለጉ ሌሎች ፕሮግራሞች ተከትለው ይገባሉ። ኢንተርኔት በቤት የሌለው ሰው ከሚያውቀው ተማሪ ወይም የሥራ ባልደረባ ላይ በፍላሽ ቢቀበል ነውር የለበትም። ነጻ ሶፍትዌር እንዲካፈሉት የተፈቀደ ነው ያልነውም ለዚህ ነው።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል እንጨምር። ድሮ በየኮምፒዩተሩ የነበሩት የአማርኛ ፊደላት እርስ በርሳቸው አይግባቡም ነበርና፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ከገባ ወዲህ ይህ ችግር እየቀለለ መጥቷል። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የዩኒኮድ ፊደላት በነጻ ይገኛሉ። የነደፋችሁትን ወደ ማተሚያ ስትወስዱ «ፒዲኤፍ» አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፊደሉ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ባዶ ሣጥንነት አይለወጥባችሁም።

ስቲከር አትለጥፉ

ብዙዎቻችን የዲስክ መለያ ስንል ትዝ የሚለን በዲስኩ ፊት ላይ የሚለጠፈው ክብ ወረቀት ነው። ያምራል። ነገር ግን ለማቆየት ለምንፈልገው ዲስክ አይመከርም። ምክንያቱም ዲስኩ በማጫወቻው ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ወረቀቱ ትንሽ እንኳ ዘንበል ብሎ ከተለጠፈ ሚዛኑን ያዛባበታል። በጊዜ ብዛት ሙጫው ይደርቃል፤ ጠርዙም ይላቀቃል። ያን ጊዜ ልንልጠው ብንሞክር የባሰ ጉዳት እናደርሳለን።

ይህን ለመረዳት የሲዲን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነው ሲዲ አብዛኛው አካሉ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ምስሉና ድምፁ የተቀዳበት ስስ ሽፋን ያለው እንደሚመስለን ከሚያብረቀርቀው ፊት በኩል ሳይሆን፣ ከላይኛው፣ ማለት ከምንጽፍበት ፊት ሥር ነው። ከዚያ በላይ ያለው መከላከያ እጅግ ስስ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ የሲዲ የላይኛው ፊት ከታችኛው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። በዲቪዲ ላይ ይኸው ሽፋን በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለሚገኝ ከላይ ለሚመጣ ጭረት ያን ያህል አይጋለጥም።

በዚህ ምክንያት በእስክሪብቶ ወይም በእርሳስ ዲስክ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ጫፋቸው ይጭራል። በአፍንጫ የሚከረፋ ሽታ ያለው ማርከርም ውስጡ ያለው ማሟሚያ ሊጎዳ ይችላል። ለሲዲ ተብሎ የተሠራ፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ማርከር መግዛት ነው። በዲስኩ መካከል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጥርት ያለ ቀለበት ምንም ነገር ስለማይቀዳበት፣ ከሁሉ የተሻለው የመጻፊያ ቦታ እርሱ ነው። እዚያ ላይ አጭር ቁጥር ብቻ መጻፍ ይበቃል።

ፊታቸው ነጭ የሆነ፣ በቀለም ፕሪንተር እንዲታተምባቸው የተዘጋጁ ዲስኮችም አሉ። ኤፕሰንና ካኖን ከሚሠሯቸው ፕሪንተሮች አንዳንዶቹ የዲስክ መሳቢያ አላቸው። አጠገባችሁ ያለ ፎቶ ቤት ይህ ፕሪንተር ካለው ጠይቁ። በዚህ መንገድ የሚታተም ንድፍ ስፋቱ 11.8 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከሉ የሚተወው ባዶ ቦታ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የዲስኩ ሙሉ ስፋት 12 ሳንቲ ሜትር ነው።

በብርሃን ስለሚጻፈው መለያ

እ.ኤ.አ. በ2004 ኤች ፒ የተባለው ኩባንያ ላይትስክራይብ የሚባል ብልሃት አውጥቶ ነበር። ዲስኩን ከቀዱ በኋላ ገልብጠው ሲያስገቡት፣ ያው የመቅጃው ብርሃን በላይኛው ፊት ላይ ጽሑፍና ሥዕል ይጽፍበታል። ወረቀትም ሙጫም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ልዩ መቅጃና ልዩ ዲስክ ይጠይቅ ነበር፤ ጽሑፉም ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዝ ነበር። ኩባንያው ሥራውን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ዲስክ ካለ በጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ በላዩ ያለውንም ጽሑፍ ሳይጠፋ ወደ ደብተር ገልብጡት። ዛሬ ግን «ላይትስክራይብ ነው» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ዕቃ መግዛት ኪሳራ ነው።

ከአንድ ወረቀት የሚሠራ ማቀፊያ

እንግዲህ በዲስኩ ላይ ቁጥር ብቻ ከጻፍን፣ ሙሉው መለያ የሚሠፍረው በማቀፊያው ላይ ነው። የፕላስቲክ ማቀፊያ ላለው ዲስክ 12 ሳንቲ ሜትር በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነድፎ ማተምና ቆርጦ ማስገባት ነው። ማቀፊያ ለሌለው ደግሞ ከአንድ ተራ የኤ4 ወረቀት ያለ ሙጫ ኪስ መሥራት ይቻላል። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጽሑፉ ከወረቀቱ አናት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ በሚጀምር 13 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ፣ በስፋቱ መካከል እንዲያርፍ አድርጎ ማተም።

ሁለተኛ፤ የታተመውን ፊት ወደ ጠረጴዛው ገልብጦ፣ ግራና ቀኙን እያንዳንዳቸው 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማጠፍ። የሚቀረው ስፋት 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ሦስተኛ፤ የታችኛውን 13 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አጥፎ ዲስኩን በመካከል ማስገባት።

አራተኛ፤ ከላይ የተረፈውን ከ4 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ጫፍ ወደ ኪሱ ውስጥ መሸጎጥ።

ይህ ለጊዜው ያገለግላል። የሠርግን ያህል ለማይተካ ዲስክ ግን ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ገዝቶ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ማስቀመጥ ይሻላል።

ምን እንጻፍ? በምን ፊደል?

የመለያው ውበት ከሁሉ የሚያንስ ጉዳይ ነው። ዋናው ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ነው። «ሠርግ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፤ የማን ሠርግ? «2005» ብሎ መተውም ያሳስታል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን መጨመር ግዴታ ነው። ፎቶ ቤቶችም ሲቀርጹ የካሜራው ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሚሆን ይህ ስሕተት በብዙ ቤት ይገኛል።

በባሌ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ሲጻፍና ልጆችም በእርሱ ሲማሩበት ቆይተዋል። ከዚያ በፊት የተማሩት አባቶችና እናቶች ግን ማንበብ የለመዱት በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ፊደል ብቻ የተጻፈ መለያ ከቤተሰቡ እኩሌታ ሊሰወር ይችላል። አያት ጽፋ ያስቀመጠችውን የልጅ ልጅ ካላነበበው፣ የልጅ ልጅ የጻፈውንም አያት ካላነበበችው ምን ፋይዳ አለው? በኮምፒዩተር ሲነደፍ ሁለቱንም ፊደላት በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነውና ስሙን በሁለቱም ጻፉት።

እዚህ ላይ የቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል ግልጽ ይሆናል። ወጣቱ ኮምፒዩተሩን ያውቃል፤ በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ግን አያውቅም። እናትና አያት ሰዎቹን ያውቃሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልቶ፣ ዲስኮቹን ተራ በተራ እየከፈቱ፣ «ያቺ ነጠላ ያጣፋችው ማን ነች? ያ ፈረሱን የያዘውስ?» እያሉ መጠየቅና መጻፍ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሱ ሽማግሌዎች ዘወትር አብረውን አይኖሩም። ፕሮግራሙ ነገም ይገኛል፤ የአያት ትዝታ ግን ነገ ላይገኝ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስቸኩል ግልጽ ነው።

ደግሞም እናቶች «ይህ የልጆች ነገር ነው» ብለው ከኮምፒዩተሩ ባይርቁ ይመረጣል። በቢሮ ደብዳቤ የምትጽፍ ወይም በስልኳ መልእክት የምትልክ ሴት ይህን ሥራ በአንድ ቀን ትለምደዋለች። የቤተሰቡን ታሪክ ስትጠብቅ የኖረችው እርስዋ ናት። የመጠበቂያው ብልሃት በሌላ ሰው እጅ ብቻ እንዲቀር መፍቀድ የለባትም።

ስም ከወጣ በኋላ ቅጂ

በመጨረሻ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ሲዲ ለገበያ ከቀረበ በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1982) ጀምሮ ብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ዛሬ ግን አዳዲስ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። የቤታችን አሮጌ ማጫወቻ ሲበላሽ፣ መልካም ስም የወጣለት ዲስክ እንኳ ዝም ይላል። ስለዚህ መለያ በምትጽፉበት ቀን ይዘቱንም ገልብጡ። ማስገቢያ ለሌለው ኮምፒዩተር በኬብል የሚሰካ የውጭ ማስገቢያ አለ፤ አንዱን ጎረቤታሞች በጋራ ሊገዙት ይችላሉ። አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ፣ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ የስድስት ሙሉ ዲቪዲዎችን ይዘት ይችላል።

አዲስ ዲስክ የምትቀዱም ከሆነ በዝግታ ቅዱ፤ ሲያልቅም ፕሮግራሙ የተቀዳውን እንዲያመሳክር እዘዙት። መብራት በመካከል ቢጠፋ ዲስኩ ይበላሻልና ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መሥራት ይመረጣል። ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ በቤት፣ ሌላው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። የሮቤው ቤት ውኃ ቢገባበት የጎባው ይተርፋል። በዐረብ አገር በሥራ ላይ ላለችው ልጅም የእናትዋን ድምፅ የያዘ አንድ ቅጂ ቢላክላት ከብዙ ስጦታ ይበልጥባታል።

እነዚህን ዲስኮች የሚተካ ዕቃ ከገበያ አይገዛም። ለመለያው ግን የሚያስፈልገው አንድ ለስላሳ ማርከር፣ ጥቂት ወረቀት፣ ነጻ ፕሮግራምና የአንድ እሑድ ጊዜ ብቻ ነው።